የጨረር ሕክምና ዶዝ በምን ይረጋገጥ? የእጅ ስሌት፣ ልኬት ወይስ የኮምፒዩተር ሲሙሌሽን

በ1996 ሳን ሆሴ፣ ኮስታሪካ ውስጥ አንድ ሆስፒታል የኮባልት-60 ማሽኑን የጨረር ምንጭ በአዲስ ተካ። ምንጭ ሲተካ ማሽኑ በደቂቃ ምን ያህል ጨረር እንደሚሰጥ እንደገና ይለካል። የልኬቱ ሰዓት 0.3 ደቂቃ ነበር። 0.3 ደቂቃ 18 ሰከንድ ነው። ስሌቱ ውስጥ የገባው ግን 30 ሰከንድ ተብሎ ነው።

በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ማሽኑ ከእውነተኛ አቅሙ ደካማ መስሎ ተመዘገበ። ደካማ ለሚመስል ማሽን ደግሞ ረዘም ያለ ሰዓት ይታዘዝለታል። 115 ሕሙማን ከታዘዘላቸው በግማሽ ያህል፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ የበዛ ጨረር ተቀበሉ።

የማረጋገጫ ዘዴዎችን ላወዳድር ስነሳ ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት በምክንያት ነው። ወጣት የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች "ሞንቴ ካርሎ" የተባለው በዕጣ የሚሠራ የኮምፒዩተር ሲሙሌሽን ሲነሳ ዓይናቸው ይበራል። አይፈረድባቸውም፤ ዛሬ ካለው የዶዝ፣ ማለትም ገላ የሚቀበለው የጨረር መጠን፣ ስሌት ሁሉ ትክክለኛው ተብሎ የሚጠቀሰው እሱ ነው። ሳን ሆሴ ላይ ግን ምርጡ ሲሙሌሽን ቢኖርም ስህተቱን አያየውም ነበር። ሲሙሌሽን "ይህ ማሽን በደቂቃ ይህን ያህል ይሰጣል" የሚለውን ቁጥር የሚወስደው ከእኛው ነው። የተሳሳተ ቁጥር ከሰጠነው ስህተታችንን በቀለም አስጊጦ ይመልስልናል።

ስለዚህ ዘዴ ከመምረጣችሁ በፊት አንድ ነገር ወስኑ፦ ልትይዙት የምትፈልጉት የትኛውን ስህተት ነው? የማሽኑን? የሶፍትዌሩን? የሰውን? ወይስ የፊዚክሱን?

የእጅ ስሌት፦ የተናቀው ዘበኛ

ፓናማ ውስጥ ከ2000 እስከ 2001 የሆነውን ተመልከቱ። የሕክምና ዕቅድ የሚያወጣው ሶፍትዌር በአንድ የጨረር መስክ፣ ጤነኛውን ገላ ከጨረር ከሚከልሉት መከለያዎች ከአራት በላይ አይቀበልም ነበር። ሐኪሞቹ አምስተኛ ፈለጉ። ባለሙያዎቹ ብዙ መከለያዎችን እንደ አንድ አድርገው የሚያስገቡበት ዘዴ አገኙ። ሶፍትዌሩ እሺ አለ። ማስጠንቀቂያ የለም፣ ቀይ መብራት የለም። በአንደኛው አሞላል ያወጣው የሕክምና ሰዓት ግን ከሚገባው ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። 28 ሕሙማን ተጎዱ።

ይህን ለመያዝ ሱፐር ኮምፒዩተር አያስፈልግም። ወረቀት፣ የማሽኑ ሠንጠረዥ፣ ካልኩሌተርና አሥር ደቂቃ ይበቃሉ። የመስኩን ስፋትና ጥልቀቱን ወስዶ፣ ከሠንጠረዡ ቁጥሩን አንብቦ፣ የታዘዘውን ዶዝ በማካፈል ሰዓቱ ይወጣል። ውጤቱ ከሶፍትዌሩ ጋር በጥቂት በመቶ ቢለያይ ያስኬዳል። እጥፍ ከሆነ ግን ሥራ ይቆማል። የአሜሪካ የሕክምና ፊዚክስ ባለሙያዎች ማኅበር በ2011 ያወጣው ቲጂ-114 የተባለው ሰነድ ይህን ሥራ በዝርዝር ያስተምራል። ኤክሴል ላይ መሥራትም ይቻላል፤ ኤክሴሉን የሠራው ሰው ከሥራ ሲለቅ ቀመሩን የሚያውቅ ሌላ ሰው መኖር አለበት እንጂ።

እንዲያም ሆኖ የእጅ ስሌት ራሱ የስህተት በር ሊሆን ይችላል። እንግሊዝ ውስጥ በሰሜን ስታፎርድሻየር ከ1982 እስከ 1991 የሆነው ይህ ነው። ሶፍትዌሩ የርቀት ማስተካከያውን አስቀድሞ አስልቶታል። ሠራተኞቹ ደግሞ እንደ ድሮው ልማድ በእጃቸው እንደገና ያስተካክሉት ነበር። 1,000 ያህል ሕሙማን ከሚገባቸው ያነሰ ጨረር አገኙ። የበዛ ዶዝ ቆዳ ያቃጥላል፣ ሰው ይጮኻል። ያነሰ ዶዝ ማንንም አያቃጥልም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ የቀረውም ለዚህ ይመስለኛል።

ገደቡም ግልጽ ነው። የእጅ ስሌት የሕመምተኛውን ገላ እንደ ውኃ በርሜል ያያል። ሳንባ የለም፣ አጥንት የለም፣ የአፍንጫ ክፍተት የለም። ማሽኑ በሕመምተኛው ዙሪያ እየዞረ የመስኩን ቅርጽ በየሰከንዱ የሚቀያይርበት ዘመናዊ ሕክምና ሲመጣ ወረቀትና ካልኩሌተር እጅ ይሰጣሉ።

ልኬት፦ ማሽኑን ራሱን መጠየቅ

ልኬት የሚበልጥበት ቦታ አንድ ነው፤ እሱም ትልቅ ነው። ከማሽኑ በእውነት የወጣውን ጨረር የሚያይ እሱ ብቻ ነው። አዮን ቻምበር የተባለው የጨረር መለኪያ ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ መጀመሪያ በ2000 ባወጣው ቲአርኤስ-398 የተባለ የአለካክ መመሪያ መሠረት ሲለካ የሳን ሆሴ ዓይነት ስህተት ይጋለጣል። የሚጋለጠው ግን ሁለተኛ ሰው፣ በሌላ መሣሪያ፣ ለብቻው ከለካ ነው። ያው ሰው በዚያው ሉህ ላይ ደግሞ ቢለካ ራሱ ከሳሽ ራሱ ዳኛ ነው።

ሁለተኛ ሰው ለሌለው ማዕከል መፍትሔው ፖስታ ነው። የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲውና የዓለም ጤና ድርጅት ከ1969 ጀምሮ ትንንሽ መለኪያዎችን በፖስታ ይልካሉ። ሆስፒታሉ በታዘዘው መጠን ጨረር ያሳርፍባቸውና ይመልሳቸዋል። ውጤቱ እዚያ ይነበባል። ለእኔ በዚህ ጽሑፍ ካሉት አማራጮች ሁሉ በዋጋው ልክ ብዙ የሚሰጠው ይህ ነው። ስለ ሲሙሌሽን ማውራት ቢያምረኝም እውነቱ ይኸው ነው።

የየሕመምተኛውን ዕቅድ መለካት ሌላ ጉዳይ ነው። በመቶ የሚቆጠሩ መለኪያዎች የተደረደሩበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ወይም ፊልም ፋንቶም በሚባል ገላን በሚተካ ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ዕቅዱ ይተኮስበታል። የተለካውና የተሰላው ጋማ በሚባል መለኪያ ይወዳደራሉ። የዚያው የአሜሪካ ማኅበር በ2018 የወጣው ሰነድ ቲጂ-218 የሚለው፣ በ3 በመቶ የዶዝ ልዩነት እና በ2 ሚሊ ሜትር የቦታ ልዩነት መስፈርት ቢያንስ 95 በመቶው ነጥብ ይለፍ ነው። ከ90 በመቶ በታች ከሆነ ነገሩ መመርመር አለበት።

እዚህ ላይ ብዙዎች ይዘናጋሉ። "97 በመቶ አለፈ" ተብሎ ይፈረማል፣ ይኬዳል። ግን ሰሌዳው ፕላስቲክ ነው። ሳንባ የለውም። ሶፍትዌሩ ሳንባ ውስጥ የሚሳሳት ከሆነ በፕላስቲኩ ላይ ይስማማል፣ በሰውየው ላይ ይሳሳታል። በ2019 የታተመ አንድ ጥናት ይህን በቁጥር አሳይቷል። አሜሪካ ሂውስተን የሚገኘው የጨረር ሕክምና ጥራት ማዕከል በሰው አምሳል የተሠሩ ፋንቶሞችን ለሆስፒታሎች ይልካል። በእነዚያ ላይ የወደቁ ዕቅዶችን አስቀድሞ በመለየት፣ ለብቻው የተሠራ ድጋሚ ስሌት ከተለመደው የልኬት ፍተሻ የተሻለ ሆኖ ተገኘ።

ሲሙሌሽን፦ እያንዳንዱን ቅንጣት መከተል

የሞንቴ ካርሎ ሐሳብ የተወለደው ሎስ አላሞስ በተባለው የአሜሪካ የኒውክሌር ቤተ ሙከራ ነው። በ1946 ስታኒስላው ኡላም የተባለ የሒሳብ ሊቅ ከሕመም እያገገመ ብቻውን ካርታ ይጫወት ነበር። የማሸነፍ ዕድሉን በቀመር ለማስላት ሞክሮ ከበደው። "መቶ ጊዜ ተጫውቼ ብቆጥረውስ?" አለ። ከጆን ፎን ኖይማን ጋር ሐሳቡን ወደ ኒውትሮን ጉዞ አዞሩት። ስሙን ያገኘው ከሞናኮው የቁማር ቤት ነው። አዎ፣ የካንሰር ሕክምናን በቁማር ስም በተጠራ ስሌት ነው የምንፈትሸው።

አሠራሩ ለመረዳት ቀላል፣ ለመሥራት አድካሚ ነው። ኮምፒዩተሩ አንድ ፎቶን፣ ማለትም አንድ የጨረር ቅንጣት፣ ይለቃል። ምን ያህል ሄዶ ከአቶም ጋር እንደሚጋጭ ዕጣ ይጥላል። ሲጋጭ በየት አንግል እንደሚፈናጠር፣ ስንት ጉልበት ለኤሌክትሮን እንደሚሰጥ እንደገና ዕጣ ይጥላል። ዕጣው ግን የትም ፍጪው አይደለም፤ የፊዚክስ ሕግ የሚያዘው ዕድል ነው። ኤሌክትሮኑም እየሄደ ጉልበቱን ገላው ውስጥ ይበትናል። ያ የተበተነው ጉልበት ነው ዶዝ የምንለው። ይህ በመቶ ሚሊዮኖችና በቢሊዮኖች ለሚቆጠሩ ቅንጣቶች ይደገማል።

ጥቅሙ የሚታየው ሳንባ ላይ ነው። ፎቶን የሚመታቸው ኤሌክትሮኖች ውኃ ውስጥ ሚሊ ሜትሮችን፣ ቢበዛ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሄዳሉ። የሳንባ ጥግግት ከውኃ ሩብ እስከ ሲሶ ያህል ነው። ስለዚህ ሳንባ ውስጥ እነዚያው ኤሌክትሮኖች ሦስት አራት እጥፍ ርቀው ይሮጣሉ። ትንሽ ዕጢ በሳንባ ተከቦ ሲገኝ፣ ለዕጢው ጠርዝ የታሰበው ጉልበት ወደ ጎን ሸሽቶ ሳንባ ውስጥ ይበተናል። አሮጌዎቹ የስሌት ዘዴዎች ይህን የጎን ሽሽት አያዩም። ዕጢው ሙሉ ዶዝ አግኝቷል ይላሉ፤ ጠርዙ ግን ጦሙን አድሯል።

ልዩነቱ የወረቀት ላይ ጨዋታ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የተሠራው አርቲኦጂ 0236 የተባለው የሳንባ ካንሰር ጥናት በሦስት ጊዜ 60 ግሬይ (ግሬይ የዶዝ መለኪያ ነው) ብሎ ነበር ያዘዘው፤ ስሌቱ የሳንባን ጥግግት ሳይቆጥር። ጥግግቱ ተቆጥሮ ሲሰላ ያው ሕክምና 54 ግሬይ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ዛሬ "54 በሦስት" የሚለው ትእዛዝ የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ። የዕቅድ ሶፍትዌራችሁ ምን ዓይነት ስሌት እንደሚጠቀም አስቀድማችሁ እወቁ። የኤሌክታ ኩባንያ ሶፍትዌር የሆነው ሞናኮ ራሱ በሞንቴ ካርሎ ያሰላል። የሌላው ኩባንያ የቫሪያን አኩሮስ ዕጣ አይጥልም፤ የቅንጣቶችን ጉዞ የሚገልጸውን የቦልትዝማን እኩልታ በቀጥታ ይፈታል፤ ሳንባ ላይ ግን ለሞንቴ ካርሎ በጣም ይቀርባል። ትሪፕል ኤ የተባለው የዚያው ኩባንያ የቆየ ዘዴ በትንንሽ የሳንባ ዕጢዎች ላይ በትክክለኛነት ከሁለቱ ያንሳል። ዕቅዱ በሞንቴ ካርሎ ተሠርቶ ማረጋገጫው በአሮጌ ቀመር ከሆነ፣ የምታገኙት የሐሰት ደወል ነው። ደወሉ በየቀኑ ሲጮህ ሰው ጆሮውን ይደፍናል። አንድ ቀን እውነተኛው ሲጮህም የሚሰማው የለም።

የትኛው የሲሙሌሽን ፕሮግራም?

ኢጂኤስኤንአርሲ የካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ሥራ ነው። ነጻ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። ለፎቶንና ለኤሌክትሮን ትክክለኛነቱ የሌሎች መለኪያ እስኪሆን የታወቀ ነው። ጨረሩ የሚወጣበትን የማሽኑን ራስ በኮምፒዩተር ለመገንባት ቢምኤንአርሲ፣ በሕመምተኛው የሲቲ ምስል ላይ ዶዝ ለማስላት ዶዝኤክስዋይዚኤንአርሲ የተባሉ ተጓዳኞች አሉት። ማስተማሪያ ሰነዱ ወፍራም ነው፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። ለፕሮቶን ግን አይሠራም።

ጂያንት4 ከሰርን፣ ከአውሮፓው የፊዚክስ ምርምር ማዕከል ነው፣ ለቅንጣት ፊዚክስ የተሠራ። ሁሉን ይችላል፤ ችግሩም እሱ ነው። በሲ ፕላስ ፕላስ የፕሮግራም ቋንቋ ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። በእሱ ላይ የተገነቡት ጌትና ቶፓስ ይሻላሉ፤ ሁለቱም በጽሑፍ ትእዛዝ ይሠራሉ። ቶፓስ መጀመሪያ የታሰበው ለፕሮቶን ሕክምና ነው። ጌት ደግሞ ከኒውክሌር ሕክምና ምስል የመጣ ነው፤ ሁለቱንም ዓለም ለሚነካ ሰው ይመቻል።

ፕሪሞ ለጀማሪ የምመክረው ነው። ውስጡ ፔኔሎፔ የተባለው የባርሴሎናው ኮድ ነው። ፊቱ ግን በመስኮትና በቁልፍ የሚሠራ የዊንዶውስ ፕሮግራም ነው። የታወቁ የቫሪያንና የኤሌክታ ማሽኖች አስቀድመው ገብተውበታል። ነጻም ነው። ማሽናችሁ ዝርዝሩ ውስጥ ካለ ሌላውን ከመሞከር በፊት እሱን ሞክሩ።

ኤምሲኤንፒ የተባለውን ፕሮግራም ለዚህ ሥራ አልመክርም። ጠንካራ ኮድ ነው፤ ግን ከሎስ አላሞስ የሚወጣው በጥብቅ ፈቃድ ነው። ፈቃዱን ስትጠብቁ ጥናታችሁ ሊያልቅ ይችላል። የመከላከያ ግድግዳ ወይም የኒውትሮን ጉዳይ ካላችሁ ግን ሌላ ነገር ነው።

የተገዛ ዝግጁ ሶፍትዌር? ገንዘብ ካለ ለዕለት ሥራ እሱ ያዋጣል። በግራፊክስ ካርድ ስለሚሠራ በደቂቃዎች ይጨርሳል። እንደ ኢጂኤስኤንአርሲ ያሉት ግን በአንድ ተራ ኮምፒዩተር አንድን ዕቅድ ሲያሰሉ ሊያድሩ ይችላሉ። የዝግጁው ጉድለት ውስጡ የማይታይ ሳጥን መሆኑ ነው። ሲሳሳት ለምን እንደተሳሳተ አይነግራችሁም።

የሚያስቱ ነገሮች

የማሽኑን ራስ ዝርዝር ንድፍ ኩባንያዎች እንደ ምሥጢር ይይዙታል። ቫሪያን ለትሩቢም ማሽኑ ንድፉን ከመስጠት ይልቅ የተሰሉ ቅንጣቶችን የያዘ ፋይል ይሰጣል። የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲውም የእንዲህ ዓይነት ፋይሎች ስብስብ አለው። መልካም ነገር ነው። ግን ፋይሉ ውስጥ ያሉት ቅንጣቶች የተቆጠሩ ናቸው። ደጋግማችሁ ብትጠቀሙባቸው ስሌቱ የጠራ ይመስላል እንጂ ከፋይሉ በላይ አይጠራም።

ስለ ጥራት ካነሳን፣ ዕጣ ስለሆነ ውጤቱ ሁልጊዜ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡን በግማሽ ለመቀነስ ቅንጣቶቹን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ሲቲውን የምትከፋፍሉበትን ኩብ ከ4 ወደ 2 ሚሊ ሜትር ብታሳንሱ ደግሞ ለተመሳሳይ ጥራት እስከ ስምንት እጥፍ። በዚህ ምክንያት "ከፍተኛው ነጥብ ዶዝ" የሚለውን ቁጥር ከሲሙሌሽን አትውሰዱ። ከብዙ ሺህ ከሚንቀጠቀጡ ነጥቦች መካከል ከፍተኛውን መምረጥ ማለት ዕድል የቀናውን መምረጥ ነው። የአካል ክፍሉን አማካይ ውሰዱ።

ሌላው ውኃና ሥጋ ነው። ሞንቴ ካርሎ በተፈጥሮው ዶዝን ለራሱ ለአጥንቱ ያሰላል። ብዙ አሮጌ ሶፍትዌር ደግሞ አጥንቱ ውኃ ቢሆን ኖሮ ብሎ ነው የሚዘግበው። ጠንካራ አጥንት ላይ ልዩነቱ 10 በመቶና ከዚያ በላይ ሊደርስ ይችላል። ሁለቱ አልተስማሙም ብላችሁ ማሽኑን ከመወንጀላችሁ በፊት ሁለቱም ስለ አንድ ነገር እያወሩ መሆኑን አረጋግጡ። እኔ ራሴ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ያቃጠልኩት እዚህ ላይ ነው፤ ስህተት ስፈልግ፣ ስህተት ሳይኖር።

ማን ምን ይምረጥ?

የኮባልት ማሽን ብቻ ላለው ማዕከል፦ የእጅ ስሌትና የፖስታ ፍተሻ። ኮባልት-60 በየወሩ 1 በመቶ ገደማ ይዳከማል፤ ግማሽ ዕድሜው 5.27 ዓመት ነው። እዚያ ላይ ትልቁ ስጋት የሰዓት ሠንጠረዡ ነው። ሲሙሌሽኑ ይቆይ።

ሊናክ፣ ማለትም ጨረርን በኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ማሽን፣ ኖሮት ባለ ሦስትና አራት መስክ ቀላል ዕቅዶችን ለሚሠራ፦ የእጅ ስሌት ወይም ቀላል ሶፍትዌር ለእያንዳንዱ ሕመምተኛ፣ አዮን ቻምበር ለማሽኑ። ሀገራችን ውስጥ ለብዙ ዓመታት በኮባልት ብቻ ስንሠራ ቆይተን ሊናክ መግባት ሲጀምር ብዙ ማዕከል የሚያልፈው በዚህ ደረጃ ነው። እዚህ ሳይጸኑ ሞንቴ ካርሎ ላይ መዝለል የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው።

እየዞረ የሚተኩስ ሕክምና ወይም በትንሽ የሳንባ ዕጢ ላይ ብዙ ዶዝ በጥቂት ጊዜ የሚያሳርፍ ሕክምና የጀመረ፦ እዚህ ሲሙሌሽን ግዴታ ሊባል ይችላል፤ ዕቅዱ በአሮጌ ስሌት የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ያለ ጥርጥር። ልኬቱ ግን አይቀርም። ሲሙሌሽኑ ፊዚክሱን ይፈትሻል፣ ልኬቱ ብረቱን። ማሽኑ በየሕክምናው የሚመዘግበውን ፋይል ለሲሙሌሽኑ ብታበሉት ደግሞ ሁለቱን በከፊል ያገናኛል። በከፊል ያልኩት ማሽኑ ስለ ራሱ የሚሰጠው ምስክርነት ስለሆነ ነው።

ሕመምተኛ ወይም አስታማሚ ሆናችሁ የምታነቡ ከሆነ የፕሮግራም ስም መያዝ አይጠበቅባችሁም። "ዕቅዱን ሌላ ሰው ለብቻው አስልቶ አይቶታል ወይ?" ብላችሁ መጠየቅ ትችላላችሁ። ይህን መጠየቅ ማንንም መዳፈር አይደለም።

የመመረቂያ ጽሑፍ የምትሠሩ ተማሪዎች፣ ከሊናክ አትጀምሩ። ከኮባልት ጀምሩ። ምንጩ የሚያወጣቸው የ1.17 እና የ1.33 ሜጋ ኤሌክትሮን ቮልት ጨረሮች የታወቁ ስለሆኑ የምትገምቱት ጉልበት የለም። 10 በ10 ሴንቲ ሜትር መስክ፣ 80 ሴንቲ ሜትር ርቀት፣ አንድ ገንዳ ውኃ። ከፍተኛው ዶዝ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ላይ መውጣት አለበት። 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ከከፍተኛው 56 በመቶ ገደማ መቅረት አለበት። ያ ካልወጣላችሁ የሰው ሲቲ አትክፈቱ።